ተራኪው ዝም ሲል ሴቷን የሚያያት ማን ነው?

የማስተርስ ጽሑፌ የአሜሪካ የመርማሪ ልቦለዶች ሴቶችን እንዴት እንደሚስሉ ነው። መነሻዬ «ሴቶቹን የምናያቸው በመርማሪው ዓይን ብቻ ነው» የሚል ነበር። ለሬይመንድ ቻንድለር «ዘ ቢግ ስሊፕ» (1939) በደንብ ሠራልኝ። ተራኪው ራሱ መርማሪው ማርሎው ነው፤ የደንበኛውን ልጅ ካርመን ስተርንዉድን የምናውቃት እሱ ባያት ልክ ነው።

«ዘ ማልቲዝ ፋልከን» (1930) ላይ ስደርስ ግን ነገሩ ተበላሸ። ዳሺዬል ሃሜት የማንንም ሐሳብ አይነግረንም፤ የመርማሪውን የስፔድንም ጭምር። ፊት፣ እጅ፣ ንግግር ብቻ። የስፔድ ደንበኛ ብሪጂድ ስትዋሽ እንኳ ተራኪው አይፈርድባትም። ይባስ ብሎ መጨረሻ ላይ የስፔድ ጸሐፊ ኤፊ «አትንካኝ» ትለዋለች፤ ብሪጂድን ለፖሊስ አሳልፎ መስጠቱ ልክ መሆኑን እያመነች! ከመጽሐፉ ሁሉ የምወዳት ቦታ ይህች ናት፤ መከራከሪያዬን የምታፈርሰውም እሷው፤ እዚህ መርማሪውን የምታየው ሴቷ ናትና።

ገላጭ ቃላቱን ለቅሜ አነጻጸርኩ። ብዙም አላስኬደኝም፤ ወንዶቹም የሚሳሉት በመልካቸውና በሰውነታቸው ነው። አማካሪዬ «ቻንድለር ላይ ብቻ አተኩሪ» ብለውኛል። እኔ ግን ሃሜትን መጣል አልፈልግም።

ተራኪው ማንም ልብ ውስጥ በማይገባበት ልቦለድ፣ ሴቷ በወንድ ዓይን መሳሏን ከጽሑፉ ውስጥ በምን ማሳየት እችላለሁ?