የ11 ዓመት ልጄ ከውሃ ዋና ውድድር በፊት ሆዷን ያማታል፤ ምን ላድርግ?

አባት ከቨርጂኒያ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ ሲሆን ልጄ በየበጋው በሰፈራችን የዋና ቡድን ውስጥ ትወዳደራለች። በልምምድ ቀን ከጓደኞቿ ጋር እየተሳሳቀች የምትዋኝ ልጅ፣ የቅዳሜው ውድድር ሲቃረብ ዓርብ ማታ እራት አትበላም፤ ጠዋት ደግሞ ሆዴን አመመኝ ትላለች። ባለፈው ሳምንት በደረት ቀዘፋ ግድግዳውን በሁለት እጇ መንካት ሲገባት በአንድ እጇ ብቻ ነክታ በመጨረሷ ውጤቷ ከተሰረዘ ወዲህ ብሶባታል። እኔ በልጅነቴ ገንዳ ውስጥ ገብቼ ስለማላውቅ፣ ላበረታታት ብዬ የምናገረው ነገር ይበልጥ እንዳያስጨንቃት እሰጋለሁ። ከውድድሩ ላሳርፋት ወይስ እንድትቀጥል ልገፋፋት?

የቀድሞ አሰልጣኝ፦
ወንድሜ፣ ሰውነት ለፍጥነት ሲዘጋጅ የሚያመነጨው አድሬናሊን የልብ ምትን ያፈጥናል፣ የምግብ መፈጨትንም ያዘገያል፤ የሆዷ መረበሽ በአብዛኛው ከዚህ የመጣ መሆኑን በቀላል ቋንቋ ቢያስረዷት ሕመም ነው ብላ አትደነግጥም። ከመዋኘቱ ይልቅ ልጆችን የሚያደክማቸው መጠበቁ ነው፤ አንድ ደቂቃ ለሚፈጅ ዋና ከገንዳው ዳር ሰዓታት ይቀመጣሉና። ስለዚህ ከተራዋ በፊት ያለውን ጊዜ ሁልጊዜ በማይለወጥ ሥርዓት ይሙሉላት፤ መነጽሯን ታስተካክል፣ ትከሻዋን ታፍታታ፣ ከመነሻው መድረክ ኋላ ስትቆም አየሩን ካስገባችበት ጊዜ በረዘመ ጊዜ ቀስ ብላ ታስወጣ፤ ረጅሙ ፊሽካ ሲነፋም አንድ ነገር ብቻ ታስብ። ለእርሷ ያ ነገር «ሁለት እጅ» ሊሆን ይችላል።

አሜሪካዊው ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስ እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ የ200 ሜትር የቢራቢሮ ቀዘፋ ሲዋኝ መነጽሩ ውሃ ሞልቶበት ማየት ቢሳነውም፣ ቀዘፋውን እየቆጠረ በዓለም ክብረ ወሰን አሸንፏል፤ ነገር ሲበላሽ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ በሐሳቡ ይለማመድ ስለነበር ነው።

እናት ከሜሪላንድ፦
በሥርዓቱ እስማማለሁ፤ ፌልፕስን ግን ለ11 ዓመት ልጅ ምሳሌ ባላደርገው እመርጣለሁ፤ እርሱ ራሱ ከኦሊምፒክ በኋላ በድብርት መሠቃየቱን በይፋ ተናግሯልና።

በእኛ ቤት ጫናው የመጣው ከእኛው ነበር። ልጄ ከውሃው እንደወጣ «በስንት ደቂቃ ገባህ?» እለው ነበር፤ አያቱም ከአዲስ አበባ ደውለው «አንደኛ ወጣህ ወይ?» ይሉታል። በክፍል ደረጃ እየተቆጠርን ያደግን ሰዎች ስለሆንን ሌላ ጥያቄ አይመጣልንም! ስለ ሰዓቱ መጠየቅ ትቼ ፎጣና የተላጠ ብርቱካን ብቻ ይዤ መቅረብ ከጀመርኩ በኋላ፣ መኪና ውስጥ ሳልጠይቀው ራሱ ማውራት ጀመረ። ማሳረፍም መገፋፋትም ሳያስፈልግ፣ የትኛውን መዋኘት እንደምትፈልግ ራሷን ይጠይቋት፤ ምናልባት ብቻዋን ስለማትሆን የቡድን ቅብብሉ ይቀላታል።

አባት ከቨርጂኒያ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ጠየቅኋት፤ ቅብብሉንና የጀርባ ቀዘፋውን መርጣ፣ የደረት ቀዘፋውን «ሁለት እጅ እስክለምድ» ብላ ለሌላ ሳምንት አስተላልፋዋለች። ቁርስ እምቢ ስትል ግን ምን ልስጣት?

የቀድሞ አሰልጣኝ፦
ከውድድሩ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ሙዝ ወይም ማር የተቀባ ዳቦ ይስጧት፤ ሆዷ ያልለመደውን ነገር በዚያ ቀን አይሞክሩ። ሕመሙ ውድድር በሌለበት ሳምንትም ከቀጠለ ወይም እንቅልፍ ከነሳት ግን ለሕፃናት ሐኪሟ ያሳዩአት።