መብራት ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ በአዳራሽና በዙም የሚካሄድ ጉባኤ እንዴት ይቀጥላል?

የጉባኤ አስተባባሪ፦
የሙያ ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ አዲስ አበባ በሚገኝ የሆቴል አዳራሽ የሚካሄድ ሲሆን፣ በዋሽንግተንና በፍራንክፈርት አካባቢ የሚኖሩ አባላት በዙም ይሳተፋሉ። ባለፈው ጉባኤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ወዲያውኑ ቢነሣም ዙሙ እስኪመለስ ረዥም ጊዜ ፈጀ፤ ከተመለሰም በኋላ በውጭ ያሉት ተናጋሪዎች የገዛ ድምፃቸው እያስተጋባ ስለተመለሰባቸው ንግግራቸውን ለመጨረስ ተቸገሩ። ሁለተኛ ጄኔሬተር ብንከራይ ይጠቅመናል ወይስ ገንዘቡን ለሌላ ነገር ማዋል ይሻላል? ልምድ ያላችሁ ብታካፍሉኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

የድምፅ ባለሙያ፦
ሁለተኛ ጄኔሬተር አያስፈልግዎትም። ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ኃይል መስጠት እስኪጀምር ባሉት ጥቂት ሴኮንዶች የፋይበር ኢንተርኔቱ ሳጥን፣ ራውተሩና ሚክሰሩ (የማይኮቹንና የኮምፒውተሩን ድምፅ የሚያቀላቅለው መሣሪያ) ይጠፋሉ፤ ጊዜውን የሚበላው እነርሱ እንደገና ተነሥተው መስመር እስኪይዙ የሚወስዱት ነው። ለእነዚህና ዙሙን ለሚያስተናግደው ኮምፒውተር አንድ መካከለኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ወዲያውኑ ከባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ይበቃል፤ ብቻ የቡና ማሽን የሚሰካበት ሰው እንዳይኖር ይጠብቁት፤ ይህን የምለው ስላየሁ ነው። ፕሮጀክተሩ ባለ አምፖል ከሆነ ግን በድንገት ሲጠፋ አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ላይነሣ ስለሚችል፣ ተናጋሪው ለጥቂት ደቂቃ ያለ ስላይድ እንዲቀጥል አስቀድሞ ይነገረው።

የማስተጋባቱ ምክንያት ከዙም የመጣው ድምፅ በሚክሰሩ በኩል ተመልሶ ወደ ዙም መግባቱ ነው። ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው ድምፅ ከሚክሰሩ ዋና መውጫ ሳይሆን ከኦክስ መውጫ (የሚገቡበት ድምፆች ለብቻቸው ከሚመረጡበት ረዳት መውጫ) ይወሰድ፤ በዚያ መውጫ ላይ የአዳራሹ ማይኮች ሁሉ ይከፈቱና የኮምፒውተሩ ቻናል ብቻ ሙሉ በሙሉ ይዘጋ። ማይክ ከድምፅ ማጉያው የሚወጣውንም ስለሚለቅም፣ የውጭው ተናጋሪ በሚናገርበት ጊዜ የአዳራሹን ማይኮች መዝጋት ያስፈልጋል።

የኦንላይን ስብሰባ ሠራተኛ፦
መብራት ሳይጠፋም መስመሩ የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ዋናው መስመር የኢትዮ ቴሌኮም ፋይበር ከሆነ፣ ተጠባባቂው የሳፋሪኮም ሲም ያለበት ራውተር ቢሆን ሁለቱ ኔትወርኮች የተለያዩ ስለሆኑ በአንድ ጊዜ የመጥፋት ዕድላቸው ይቀንሳል። መስመሩ ሲዳከም መጀመሪያ የሚዘጋው ካሜራው ነው፤ በዙም መመሪያ መሠረት በ720ፒ ጥራት የቡድን ቪዲዮ ለመላክ በሴኮንድ 2.6 ሜጋቢት ሲያስፈልግ ለድምፅ ብቻ ከ60 እስከ 80 ኪሎቢት ይበቃልና።

ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ያገናኙት፤ ሰው በበዛበት አዳራሽ ዋይፋይ ይጨናነቃልና። ስቲቭ ጆብስ በ2010 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አይፎን 4ን ሲያስተዋውቅ በአዳራሹ ከ500 በላይ የዋይፋይ ማሠራጫዎች ስለነበሩ የስልኩ ግንኙነት እምቢ ብሎት፣ ታዳሚው ዋይፋዩን እንዲያጠፋለት እስከ መለመን ደርሶ ነበር። በተጨማሪም በውጭ ከሚገኙት አባላት አንዱን በዙም ላይ ተባባሪ አስተናጋጅ (ስብሰባውን አብሮ የሚያስተዳድር) አድርገው ይሰይሙ፤ የአዳራሹ ኮምፒውተር ቢወጣም በዙም ያሉት ሳይበተኑ ይቆያሉ።

መድረክ መሪ፦
የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ዕቃው ተሟልቶም ጉባኤ ሲበላሽ አይቻለሁ። ሦስት ሰዎች አንድ ላፕቶፕ ላይ ጎንበስ ብለው እየተከራከሩ፣ አዳራሹ ምን እንደሚጠብቅ ሳያውቅ በዝምታ ይቀመጣል። ስለዚህ የመወሰን ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ይመደብ፤ ችግሩ በሁለት ደቂቃ ካልተፈታ ለመድረክ መሪው ምልክት ይስጥ፣ መሪውም የአዳራሹን ቀጣይ ተናጋሪ ይጋብዝ ወይም ለጥያቄ ዕድል ይክፈት። በዙም ያሉት ደግሞ በቴሌግራም ግሩፕ ይነገራቸው፤ ግንኙነቱ በተቋረጠበት ሰዓት በዙም ቻት መልእክት መላክ አይቻልምና። ንግግሮቹን ሁሉ አስቀድሞ ቀርጾ ማጫወት የሚሉ አሉ፤ እኔ አልደግፈውም፣ ሰው የሚመጣው ለመጠየቅና ለመከራከር ነው። ለውጭ ተናጋሪ ብቻ መጠባበቂያ ቢያዝ ግን አይከፋም።

የጉባኤ አስተባባሪ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ የአዳራሹ ቴክኒሺያኖች የራሳቸውን ሚክሰር ሌላ ሰው እንዲነካ አይፈቅዱም።

የድምፅ ባለሙያ፦
መንካት አይጠበቅብዎትም። አንድ ኦክስ መውጫ እንዲሰጡዎት በኪራይ ውሉ ላይ ያስጽፉና፣ ከጉባኤው በፊት ባለው ቀን በውጭ ያለ አንድ አባል በዙም ገብቶ እያወራ፣ የአዳራሹ ዋና መብራት ሆን ተብሎ ይጥፋና ሁሉም ይሞከር። ቴክኒሺያኑም እዚያው እንዲገኝ ይጠይቁ።