ሱፐርሂሮ ጉልበቱ ከልክ ሲያልፍ ታሪኩ አይሞትም ወይ?

እርሳስ_ብቻ፦

ሰላም የኮሚክ ወዳጆች። ከታናሽ ወንድሜ ጋር አንድ ክርክር ይዘን መቋጫ ስላጣንለት እዚህ አመጣሁት። አንድ ሱፐርሂሮ ከልክ በላይ ጠንካራ ሊሆን ይችላል ወይስ አይችልም? እኔ ይችላል ባይ ነኝ። ማስረጃዬ ሱፐርማን ነው። ይበራል። ጥይት አይበሳውም። ከዓይኑ እሳት ያወጣል፣ በትንፋሹ ያቀዘቅዛል፣ ግድግዳ አሳልፎ ያያል፣ ከከተማው ማዶ የተንሾካሾኩትን ይሰማል። ታዲያ ምን ቀረ? ገና ሽፋኑን ሳየው መጨረሻውን አውቀዋለሁ። ወይ አንዱ ክሪፕቶናይት፣ ያን እሱን የሚያደክመውን ድንጋይ፣ ከኪሱ ያወጣል፣ ወይ ከሌላ ፕላኔት እሱን የሚያክል ጉልበተኛ ይመጣና ሕንፃ ሲያፈርሱ ያመሻሉ።

ወንድሜ «ችግሩ ጉልበቱ ሳይሆን ጸሐፊው ነው» ይለኛል። ይቺ አባባል ታሰለቸኛለች። የትኛውም ክርክር ውስጥ የምትገባ ማምለጫ ናት።

ዝም ብዬም አይደለም የምጠይቀው። እኔ ራሴ አዲስ አበባ የምትኖር አንዲት ጀግና እየሳልኩ ነው። ጀምበር የሚባለው ኮሚክ በፈረንጆቹ 2018 ከወጣ ወዲህ በአማርኛም የሱፐርሂሮ ኮሚክ መሥራት እንደሚቻል አይቼ ሞራል አግኝቻለሁ። ግን ምን ያህል ጉልበት ልስጣት የሚለው ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ብዙ ከሰጠኋት ሦስተኛው ክፍል ላይ የምታደርገው ነገር ታጣለች፣ ትንሽ ከሰጠኋት ደግሞ ያው እንደ ጎረቤቴ ልጅ ናት። ምን ትላላችሁ?

አሮጌ_ቅጽ፦

ካንተ ጋር ነኝ። ታሪኩን ብታየው ደግሞ አሳታሚዎቹ ራሳቸው ካንተ ጋር ናቸው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ሱፐርማን በ1938 አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 ላይ ሲወጣ አይበርም ነበር። የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የሚባሉ የክሊቭላንድ ወጣቶች ናቸው፣ የሰጡትም አቅም ልኩ የታወቀ ነበር። አንድ ስምንተኛ ማይል ይዘላል፣ ወደ 200 ሜትር መሆኑ ነው። ባለ 20 ፎቅ ሕንፃ ዘሎ ያልፋል። ከፈጣን ባቡር ይቀድማል። ቆዳውን ከሚፈነዳ የመድፍ ጥይት ያነሰ ነገር አይበሳውም። ልብ በል፣ መድፍ ከመጣ ይበሳዋል ማለት ነው! ጠላቶቹስ እነማን ነበሩ? ሚስቱን የሚደበድብ ባል። በድብቅ የሚሞዳሞድ ሴናተር። ጦርነት እንዲቀጥል የሚፈልግ የመሣሪያ ነጋዴ። ጉልበቱ ለእንደዚህ ዓይነት ግፈኞች ተለክቶ የተሰጠ ነበር፤ ለእኔ ከሁሉም የሚጥመኝ ሱፐርማን አሁንም እሱ ነው።

በ1940ዎቹ መብረር መጣ። መብረር ሲመጣ ሌላው ሁሉ ተከተለ። ክሪፕቶናይት እንኳ መጀመሪያ ከኮሚኩ አልመጣም፣ በ1943 ከራዲዮ ድራማው ነው የመጣው። ኮሚኩ ውስጥ የገባው በ1949 ነው። 1950ዎቹ መጨረሻና 1960ዎቹ ላይ፣ ሞርት ዋይሲንገር አርታኢ እያለ፣ ነገሩ ለየለት። ፕላኔት ይገፋል። በፍጥነት በርሮ ያለፈ ዘመን ውስጥ ይገባል። በ1958 በወጣ አንድ ታሪክ ደግሞ ከእጁ ትንሽዬ ሱፐርማን ፈትለክ ብሎ ይወጣል፣ ቀልዴን አይደለም። ማስነጠሱ አንድ ኮከብ ከነፕላኔቶቹ ያጠፋበት ታሪክም አለ። ይሄን ሁሉ ለማቻቻል ክሪፕቶናይቱ ቀለም ያበዛ ጀመር፤ አረንጓዴው ይገድለዋል፣ ቀዩ ያልታሰበ ነገር ያደርገዋል፣ ወርቃማው ጉልበቱን ለዘለቄታው ይነጥቀዋል።

ከዚያ ምን አደረጉ? ቀነሱት። በ1971 ዴኒ ኦኒል የሚባል ጸሐፊ ምድር ላይ ያለውን ክሪፕቶናይት ወደ ብረት ቀየረና በዚያው የሱፐርማንን ጉልበት ሸረፈው። እሱ ሲለቅ ጉልበቱ ተመልሶ መጣ። በ1986 ጆን በርን ታሪኩን ከሥሩ እንደ አዲስ ሲጽፈው ድጋሚ ተቀነሰ። ሁለቴ መቀስ የገባበትን ነገር አልበዛም ብሎ የሚሟገተኝ ካለ ይምጣ።

ቀይ_ካባ፦

መጣሁ 😄

አሮጌ ቅጽ፣ ታሪኩን ደህና አድርገህ ነው የነገርከን። መቀነሱ ግን መብዛቱን አያሳይም። አዲስ ጸሐፊ ሲመጣ የቀደመውን ማፍረስ ይወዳል፣ ያለ ነገር ነው። ደግሞ ያ የምትስቅበት ዘመን እኮ አብዛኛው ታሪኩ የዱላ አልነበረም። ጋዜጠኛዋ ሎይስ ሌን የሚደብቀውን ማንነቱን ልትደርስበት ስትል እሱ ሲሽሎኮሎክ ነው። ወይም ከአምስተኛው ዳይሜንሽን የመጣው ያ አጭሬ፣ ስሙን ከኋላ ወደ ፊት ካልጠራ በቀር ወደ አገሩ የማይመለሰው። እሱን እንዴት አድርገህ ስሙን ታስጠራዋለህ? ቡጢ እዚህ ምን ይሠራል?

ከሁሉም ግን ካንዶርን ተመልከቱ። በ1958 ነው። ብሬኒያክ የሚባለው ጠላቱ የክሪፕተንን ከተማ አሳንሶ ጠርሙስ ውስጥ ከትቷት ነበር፣ ሱፐርማን አገኛት። አስቡት፣ የተወለደበት ፕላኔት ፈንድታለች፣ አባት እናቱ የሉም፣ ከአገሩ የተረፈችው ይቺ ከተማ ናት፣ ውስጧ የእሱ ወገን በሕይወት አለ፣ ይናገራል፣ ይሠራል፣ ልጅ ያሳድጋል፣ እሱ ግን ወደ መጠኗ ሊመልሳት አልቻለም። ፕላኔት የሚገፋው ሰውዬ ጠርሙስ ታቅፎ ቁጭ! ከ20 ዓመት በላይ እንደዚያው ቆየች። ጉልበቱ ባይበዛ ይሄ ታሪክ እንዲህ አያምም ነበር። 200 ሜትር የሚዘል ሰው ከተማ ማሳደግ ባይችል ማን ይገረማል?

በ1985 አላን ሙርና ዴቭ ጊበንስ የሠሩት አንድ አጭር ታሪክ አለ። ለልደቱ ስጦታ ተብሎ ሱፐርማን ደረት ላይ አንድ ተክል ይጣበቃል። ተክሉ አይጎዳውም፣ የልቡን ምኞት ነው የሚያሳየው። ክሪፕተን አልፈነዳችም፣ አግብቷል፣ ወልዷል። ከዚያ ለመውጣት የገዛ ልጁን ተሰናብቶ መተው አለበት። የትኛው ክንድ ነው እዚህ የሚረዳው?

እኔ ጉልበት በዛ የምለው ታሪኩ የያዘውን ቁስል ሲደርስበት ብቻ ነው። በ1978ቱ ፊልም አሳዳጊ አባቱ በልብ ድካም ይሞታል። ልጁ መቃብሩ ላይ ቆሞ ያ ሁሉ ኃይል እያለኝ ላድነው አልቻልኩም ይላል። ፊልሙ የቆመው እዚያ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ግን ሎይስ ስትሞት ምድርን እየዞረ ጊዜን ወደ ኋላ መለሰ። እንዴ! ታዲያ አባትየውስ? ያቺ የመጨረሻዋ ችሎታ ከመብረሩም ከእሳቱም በላይ ፊልሙን ጎዳችው፣ ገና በመጀመሪያው ግማሽ ላይ ያስለቀሰንን ነገር ነው የሰረዘችው።

ሰባት_ሰዓት፦

ሶምሶን እንኳ ፀጉር ነበረው አቦ። መቀስ የምትይዝ ሴት በሌለችበት ታሪክ የለም።

ስለ ሱፐርማን ተዉኝና ፍላሽን አስረዱኝ። በብርሃን ፍጥነት የሚሮጥ ሰው ቡሜራንግ የሚወረውር ሌባ እንዴት ነው የሚያስቸግረው? እጁን ሳያነሳ እስር ቤት አስገብቶት፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ተመልሶ መምጣት ይችል ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው ምን ያደርጋል? ፍላሽን ያዘገየዋል፣ ሲያስፈልግ ደግሞ ያደድበዋል። የባሰው እኮ ይሄ ነው። ባለፈው ወር ሰከንድ ሳይሞላ ከተማ ያስለቀቀ ሰው በዚህ ወር ከኋላው በመጣ ዱላ ተመትቶ ይወድቃል። ጀግናው ጉልበቱን እንዲረሳ እየተደረገ ከሆነ በዝቷል፣ አለቀ።

እርሳስ_ብቻ፦

@ቀይ_ካባ የካንዶሩ ነገር ልቤን ነካው። ግን አባት አንዴ ነው የሚሞተው። ኮሚክ በየወሩ ይወጣል፣ ያውም ለ80 ዓመት ከዚያም በላይ። በየወሩ ቁስል ከየት ይመጣል? የአንድ ጊዜ ድንቅ ታሪክ እየጠራሽ ነው፣ እኔ የምለው ግን በመሃል ያለውን፣ ማንም የማያስታውሰውን ተራ የወር ታሪክ ነው። እዚያ ላይ ጉልበቱ ይጎዳል። ያለፈው ወር ጠላት ከተማ ካጠፋ የዚህ ወሩ አገር ማጥፋት አለበት፣ ቀጥሎ ዓለምን፣ ቀጥሎ ዩኒቨርስን። ጀግናውም አብሮ ያብጣል። በዚህ በኩል አሮጌ ቅጽ ያለው መቀነስ የግድ ይመስለኛል፣ በየ15 ዓመቱ አየር ማስተንፈስ።

ጥቁር_ቀለም፦

ሁላችሁም ሱፐርማን ላይ ተጣብቃችኋል። ከልክ በላይ የሆነች ጀግና ካላችሁ ማርቭል ጋ ሂዱና ጂን ግሬይን እዩ። ኤክስሜን፣ 1980። ፊኒክስ የሚባለው ኃይል አብጦባት አንድ ኮከብ ትውጣለች፣ በዚያ ኮከብ ሥር የሚኖሩ አምስት ቢሊዮን ነፍሳት በአንድ ገጽ ያልቃሉ። ጸሐፊው ክሪስ ክሌርሞንትና ሠዓሊው ጆን በርን መጀመሪያ ያሰቡት ኃይሏ ተነጥቆ በሕይወት እንድትቀር ነበር። ዋና አርታኢው ጂም ሹተር ግን ይሄን ሁሉ ሕዝብ ጨርሳ እንዴት ወደ ቤቷ ትሄዳለች ብሎ አልተቀበለም። መጨረሻው ተቀየረ። ጨረቃ ላይ ራሷን አጠፋች።

እዚህ ጋ «ማን ያሸንፋታል» የሚለው ጥያቄ ዋጋ የለውም። ማን ይጠይቃታል ነው ነገሩ። ሰባት ሰዓት ያልከው የፍላሽ ነገር ሎጂክ ላይ ያለ ቀዳዳ ነው፣ በአንድ አረፍተ ነገር ይደፈናል። አድራጊው ተጠያቂ የማይሆንበት ጉልበት ግን ጀግናን ከጀግንነት ያወጣዋል። ያሳዘነኝ በ1986 መልሰው አመጧት፣ ያቺ የሞተችው እሷ አልነበረችም ብለው። አምስት ቢሊዮኑን ማን ገደለ ታዲያ? ለእኔ ከየትኛውም ጉልበት በላይ የበዛው ይሄ ነው፣ የማይሞት ሞት።

አላን ሙር በጻፈው ዎችመን ላይ ያለው ዶክተር ማንሃተንም እንደዚሁ ነው። ሰውነቱ ብን ብሎ ጠፍቶ ራሱን መልሶ የሠራ፣ ያለፈውንና የሚመጣውን አንድ ላይ የሚያይ ሰው። ቬትናም ውስጥ ባልደረባው እርጉዝ ሴት ላይ ሽጉጥ ሲደግን ቆሞ አየ። ተኳሹ ራሱ ዞሮ «ሽጉጡን እንፋሎት ማድረግ ትችል ነበር» ዓይነት ነገር ይለዋል። አላደረገም። ሙር እዚያ የበዛውን ጉልበት አልደበቀውም፣ ታሪኩን የሠራው በእሱው ነው፤ የሚችል ሰው የማይፈልግ ሲሆን ምን እንደሚመስል።

ማንጋ_አንባቢ፦

የጃፓኑን ኮሚክ የዋን ፓንች ማንን ጀግና ሳይታማን የጠራ የለም? በአንድ ቡጢ ሁሉንም ይጥላል፣ ከዚያ ይደብረዋል፣ የሱፐርማርኬት ቅናሽ ሲያመልጠው ግን ይናደዳል። ሰዉ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ማን እንደሚያሸንፍ እያወቀ ነው የሚያነበው። የእርሳስን ጥያቄ ለእኔ መልሶታል። ኮሜዲ ከሆነ ብዙ ይቻላል።

አሮጌ_ቅጽ፦

ኮሜዲ ከሆነ፣ አዎ። እኔም 1960ዎቹን እየሳቅኩ ነው የማነባቸው።

ቀይ_ካባ፣ የካንዶሯን ነገር እቀበልሻለሁ፣ ግን ልብ በይ፣ ያቺ ታሪክ የሠራችው አንድ የማይችለው ነገር ስላለ ነው። ያ ማለት ያው ገደብ ነው። እኔ ጉልበቱን ቀንሱት አልኩ፣ አንቺ የማይደርስበት ቦታ ተዉለት አልሽ። ልዩነታችን እኔ ገደቡን ሰውነቱ ላይ አደርገዋለሁ፣ አንቺ ዓለሙ ላይ። ለጀማሪ ግን ሰውነቱ ላይ ማድረግ ይቀላል። እርሳስ፣ ልጅቷን 200 ሜትር ብቻ አዝልላትና ተገላገል።

ቀይ_ካባ፦

አይቀልም! ሰውነቷ ላይ ካደረግከው በየገጹ ሜትር ስትለካ ትውላለህ። አንባቢም ይለካብሃል፣ አንተን ጨምሮ 😄 እርሳስ፣ ኦል ስታር ሱፐርማንን ፈልገህ አንብብ፣ ግራንት ሞሪሰንና ፍራንክ ኳይትሊ፣ 12 ክፍል ብቻ ነው። ሱፐርማን ወደ ፀሐይ ቀርቦ ከልክ ያለፈ ኃይል ይሞላል፣ ከበፊቱ ይበልጥ ይጠነክራል፣ ያው ጥንካሬ ደግሞ ሕዋሶቹን እየገደለው ነው። ጉልበት የጨመረበት ታሪክ ነው፣ አንብበህ ስትጨርስ በዛ ካልከኝ እጄን እሰጣለሁ። ለመሆኑ ጀግናህ ምንድን ነው የምትችለው? እስካሁን አልነገርከንም።

እርሳስ_ብቻ፦

እሺ፣ አትሳቁብኝ። የተቆለፈ ነገር ሁሉ እጇ ሲነካው ይከፈታል። በር፣ ካዝና፣ የእስር ቤት በር፣ የመኪና በር። ሌላ ምንም የላትም። አትበርም፣ ዱላ ያማታል።

ሰባት_ሰዓት፦

ስልክም ትከፍታለች? ስልክ ከከፈተች የሁሉንም ሰው ቴሌግራም ታነባለች። በዛ።

እርሳስ_ብቻ፦

ስልክ አትከፍትም። አሁን ወሰንኩ።

ቀይ_ካባ፦

ለምን አትከፍትም? ትክፈትና የእናቷን ታንብብ። ለሦስት ክፍል የሚበቃ ታሪክ እዚያው አለልህ።