ኤምፒኦ ኔጌቲቭ ስለወጣ «ሊምፎብላስት ነው» ማለት እችላለሁ?

ጀማሪዋ ቴክኖሎጂስት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ላብራቶሪ ከገባሁ ገና ስምንት ወሬ ነው። ዛሬ አንድ ስሚር (ስላይድ ላይ ስስ ተደርጎ የተቀባ ናሙና) አየሁ። መቶ ሴል ቆጥሬ 64ቱ ብላስት (ገና ያልበሰለ የደም ሴል) ሆነ። ሳይቶፕላዝሙ ጠባብ ነው፣ ግራንዩል (ጥቃቅን ፍሬ) የለውም። ኤምፒኦ (ማየሎፐርኦክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም የሚያሳይ የቀለም ምርመራ) ሠራሁ፣ ኔጌቲቭ ወጣ። አለቃዬ የሚገባው ነገ ነው። «አኪዩት ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ» (ከሊምፎብላስት፣ ማለትም ከሊምፎሳይት ዘር ብላስት የሚነሳ የደም ካንሰር) ብዬ ለመጻፍ ፈልጌ አልደፈርኩም። ምን ትላላችሁ?

የማይክሮስኮፕ ሰው፦
እንኳንም አልጻፍሽው፣ እህቴ። ኤምፒኦ ፖዘቲቭ ሲሆን ብዙ ይናገራል። ከብላስቶቹ 3 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ቀለም ከያዙ ማየሎይድ (ከሊምፎሳይት የተለየው ሌላው የደም ሴል ዘር) ናቸው። ኔጌቲቭ ሲሆን ግን ገና ምንም አልነገረሽም። ሊምፎብላስት ኔጌቲቭ ነው፤ ኤም0 (ገና መልክ ያልያዘው) እና ኤም7 (የሜጋካርዮብላስቱ) የምንላቸው የማየሎይድ ሉኪሚያ ዓይነቶችም ኔጌቲቭ ናቸው። ሞኖብላስትም (የሞኖሳይት ዘር ብላስት) ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው።

እኔ ተሳስቼበታለሁ። ከዓመታት በፊት የአንድ ሕፃን ስሚር መጣልኝ። ብላስቶቹ ትንንሽ፣ ኤምፒኦም ኔጌቲቭ። ሊምፎብላስት ብዬ ጻፍኩ። የፍሎው ሳይቶሜትሪ (የሴሎችን መለያ ፕሮቲኖች፣ ማርከሮች የሚያነብ መሣሪያ) ውጤት ሲመጣ ሲዲ41 እና ሲዲ61 የተባሉት ማርከሮች ፖዘቲቭ ሆኑ። ሜጋካርዮብላስት (የፕሌትሌት ዘር ብላስት) ነበር። ስላይዱን መልሼ ሳየው ከሴሎቹ ዳር እንደ እንቡጥ የወጣ ሳይቶፕላዝም አለ። መጀመሪያም አይቼዋለሁ፤ ግን አልፌዋለሁ። ሕክምና ስላልተጀመረ ሕፃኑ አልተጎዳም። እኔ ግን ያን ቀን አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ የብላስቱን ብዛትና መልክ እጽፋለሁ እንጂ በመልክ ብቻ ዘር አልሰጠውም።

ፍሎው ላይ የምሠራ፦
ልክ ነው። እኛ መጀመሪያ ሲዲ45 ደብዘዝ ያለበትን የሴል ክምችት እንፈልጋለን፤ ብላስት አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። ሲዲ19 ከሲዲ79ኤ ጋር ከመጣ ወደ ቢ ሊምፎሳይት፣ ሴሉ ውስጥ ሲዲ3 ካለ ወደ ቲ ሊምፎሳይት፣ ሲዲ13፣ ሲዲ33 እና ሲዲ117 ከሆኑ ወደ ማየሎይድ እናዘነብላለን። በአንድ ማርከር ብቻ አይፈረድም። ሲዲ7 ለምሳሌ የቲ ነው ይባላል፤ ማየሎይድ ላይም እናገኘዋለን። ደግሞ ናሙናው ሳይቆይ ይላክ። የሞተ ሴል ማርከር የምንፈልግበትን አንቲቦዲ ሁሉ ያለቦታው ይይዝብናል።

ጀማሪዋ ቴክኖሎጂስት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ እስከ ነገ ዝም ልበል?

የማይክሮስኮፕ ሰው፦
በፍጹም! ብላስት ማየትሽን አሁኑኑ ለሐኪሙ ደውለሽ ንገሪ። ከዚያ ስላይዱን እንደገና እዪው። አወር ሮድ (ብላስት ውስጥ የሚታይ ቀይ ዘንግ መሳይ ነገር) እንደ ጭራሮ እስር ተከምሮ ካየሽ ፕሮማየሎሲቲክ ሉኪሚያን (አንዱን የማየሎይድ ሉኪሚያ ዓይነት) ጠርጥሪ። እሱ ጊዜ አይሰጥም፤ በሽተኛው ደም ፈሶት በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ለዚህ ነው ኤትራ የተባለው መድኃኒት የጂን ምርመራው ሳይጠበቅ የሚጀመረው። እርግጥ የእሱ ኤምፒኦ በጣም ደማቅ ነው፣ ያንቺ ደግሞ ኔጌቲቭ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ እዚያው ስላይድ ላይ ያሉት ኒውትሮፊሎች (ቀለሙን መያዝ የሚገባቸው የበሰሉ ነጭ የደም ሴሎች) ቀለም ይዘዋል? የጤነኛ ሰው ስሚርስ ጎን ለጎን ሠርተሽ ነበር?

ጀማሪዋ ቴክኖሎጂስት፦
የጤነኛ ስሚር አልሠራሁም። አሁን ተመልሼ አየሁ። ሦስት ኒውትሮፊል አገኘሁ፤ አንዱም ቀለም አልያዘም። ስለዚህ ምርመራው ራሱ ሳይሠራ ቀርቶ ይሆናል። ለሐኪሙ ደውያለሁ። በአዲስ ሪኤጀንት፣ ከጤነኛ ስሚር ጋር እየደገምኩት ነው።