የሳሙና ሌብል ላይ ምን ምን ይጻፍ? ኮስቲክ ሶዳውስ?

አረፋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በእጄ የምሠራውን ሳሙና መሸጥ ልጀምር ነው። የወይራ ዘይት፣ የኮኮናት ዘይት፣ ትንሽ የአልመንድ ዘይትና ለሽታው የላቬንደር ዘይት አለው። መሀሉን ብቻ የሚያቅፍ የወረቀት መጠቅለያ አስቤያለሁ፤ ሳሙናው ይታያል፣ ይሸተታልም። የጨነቀኝ ጽሑፉ ነው። «ኮስቲክ ሶዳ» (ዘይቱን ሳሙና የሚያደርገው፣ ቆዳ የሚያቃጥለው ኬሚካል) ብዬ ብጽፍ ሰው ይደነግጣል፤ ዝም ብል ደግሞ መደበቅ ይመስለኛል። «ለብጉር ፍቱን» ማለትስ እችላለሁ? ክብደቱን ከቅርጹ እንዳወጣሁት ልመዝን?

ወይራ፦
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! ሶዳው አያስጨንቅሽ። ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ ሳሙናና ግሊሰሪን ይሆናል። ልኬትሽ ትክክል ከሆነና ዘይቱ ትንሽ ከበለጠ፣ ባለቀለት ሳሙና ውስጥ ሶዳ አይቀርም። ስለዚህ ወይ የገባውን ትጽፊያለሽ፣ ወይ የወጣውን። የወጣው ሲጻፍ የወይራው ዘይት «ሶዲየም ኦሊቬት»፣ የኮኮናቱ «ሶዲየም ኮኮኤት» ይባላል። እኔ የወጣውን እጽፍና አጠገቡ ከየትኛው ዘይት እንደመጣ እጨምራለሁ። ሁለቱን አካሄድ ግን አታደባልቂ። ቅደም ተከተሉ በክብደት ነው፤ ብዙው ይቀድማል፣ ከ1 በመቶ በታች ያሉት መጨረሻ ላይ እንደፈለግሽ ይደረደራሉ።

ክብደቱን አሁን እንዳትመዝኚ። ሳሙና ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲደርቅ ውሃው ይተናል። ከደረቁ በኋላ ከመሀላቸው ቀላሏን መዝኚና ከእሷም ዝቅ ያለ ቁጥር ጻፊ። ገዢ ከተጻፈው በላይ ቢያገኝ ማንም አይከስሽም። ቸኩለሽ የጠቀለልሽው ወረቀትም ሳሙናው ሲኮማተር ይላላና ይወልቃል።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔ ሠሪ አይደለሁም፤ ገዢ ነኝ። አንዱ ልጄ አልመንድ ሲነካው ቆዳው ያብጣል። ሱቅ ውስጥ ቆሜ የማነበው የፊቱን ሥዕል አይደለም፤ ከጀርባ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ነው። «ልዩ ልዩ የተፈጥሮ ዘይቶች» ብቻ የሚል ሳሙና ቤቴ አይገባም። እባክሽ አልመንዱን በስሙ ጥሪው፤ ትንሽ ነው ብለሽ አትተይው። ፊደሉንም አሳድጊው። ቡናማ ወረቀት ላይ በቀጭን ወርቃማ ፊደል የተጻፈ ነገር ቆንጆ ነው፣ ግን አይነበብም።

ወይራ፦
እግዜር ይስጥሽ፣ ዋናውን ነገር ተናገርሽው። ላቬንደሩም እንደዚያው ነው። «የተፈጥሮ ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ ውስጡ ሊናሉል የሚባል፣ አንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ አለርጂ የሚያስነሳ የሽታ ንጥረ ነገር አለ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ታጥቦ በሚለቀቅ ምርት ውስጥ ሊናሉል ከ0.01 በመቶ ካለፈ በስሙ መጻፍ አለበት። በ2023 ደግሞ እንዲህ በስም የሚጠሩት የሽታ ንጥረ ነገሮች ዝርዝር በጣም ረዝሟል።

ሚዛን፦
ስለ ብጉሩ እኔ ልመልስ፦ ተይው። አሜሪካ ውስጥ እውነተኛ ሳሙና «ሳሙና» ተብሎ ብቻ ከተሸጠ እንደ ኮስሞቲክስ አይቆጠርም። «ቆዳ ያለሰልሳል» ስትዪ ኮስሞቲክስ ይሆናል። «ብጉር ያድናል» ስትዪ መድኃኒት ይሆናል፤ ደንቡም የመድኃኒት ነው። ሳሙናው ያው ነው፣ ቃልሽ ነው ያሻገረው። የምትሸጪበትን አገር ደንብ ሳታዪ ወደ ማተሚያ ቤት አትሂጂ።

ስለ ህትመቱ ደግሞ፣ የብዙ ኢንክጄት ፕሪንተር ቀለም ውሃ ሲነካው ይሟሟል፤ የሌዘር ይሻላል። አንዱን አትመሽ በረጠበ አውራ ጣት እሺው። ከዚያ ሳሙናው ላይ ጠቅልለሽ ጥቂት ቀን አቆዪው። ዘይት ወደ ወረቀቱ ከሰረገ ፊደሉ ጀርባ ላይ ጥላ ታያለሽ፤ ያኔ ወፈር ያለ ወይም ሽፋን ያለው ወረቀት ያስፈልግሻል።

አረፋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ! ብጉሩ ወጥቷል። እንዲህ አድርጌዋለሁ፦

«የላቬንደር ሳሙና። የተጣራ ክብደት 90 ግራም። ሶዲየም ኦሊቬት (ከወይራ ዘይት)፣ ሶዲየም ኮኮኤት (ከኮኮናት ዘይት)፣ ውሃ፣ ግሊሰሪን፣ ሶዲየም አልመንዴት (ከአልመንድ ዘይት)፣ የላቬንደር ዘይት፣ ሊናሉል።» ከሥሩ ስሜና አድራሻዬ አለ። ጥቁር ፊደል በነጭ ላይ።

ወይራ፦
ጎበዝ! የባች ቁጥር (በአንድ ዙር የተሠሩት ሳሙናዎች መለያ) ብቻ ቀረሽ። ነገ አንድ ሰው «ቆዳዬ ተቆጣ» ብሎ ቢደውል የትኛው ዙር እንደሆነና ምን ያህሉ እንደተሸጠ የምታውቂው በእሱ ነው። ማሳተም አያስፈልግሽም፤ ጥግ ላይ ቦታ ትተሽ በማኅተም ምቺው።