ከቤት ለምትሠሩ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች የመብራት ጥቆማ

ከኮዬ ፈጬም፣ ከቱሉ ዲምቱም፣ ከየካ አባዶም የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ከቤት ነው የምሠራው፤ ማታ ዓይኔን ያቃጥለኛል። ስንት ዋት አምፖል ልግዛ?» ዋቱ ይቆይ። መጀመሪያ ጠረጴዛችሁ የት እንደተቀመጠ ተመልከቱ።

የክፍሉ መብራት ብዙ ጊዜ ጣሪያው መሃል ላይ ነው። ጠረጴዛውን ደግሞ ቦታ ለመቆጠብ ግድግዳ እናስጠጋዋለን። ስለዚህ መብራቱ ከጀርባችን ይቀርና የራሳችን ጥላ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ትልቅ አምፖል ብትቀይሩም ጥላው እዚያው ነው፤ እንዲያውም ስክሪኑ ላይ ነጸብራቅ ይጨምርላችኋል። የጣሪያውን ተዉትና ገንዘባችሁን የጠረጴዛ መብራት ላይ አውሉ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የጣሪያው አምፖል ከጠረጴዛው 1 ሜትር ከ80 ቢርቅ፣ የጠረጴዛው ደግሞ 45 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆን፣ ርቀቱ ሩብ ሆነ ማለት ነው። ብርሃን ደግሞ በርቀቱ ካሬ ስለሚቀንስ፣ እኩል ጉልበት ካላቸው አምፖሎች የቅርቡ 16 እጥፍ ገደማ ያበራል። ባለ 5 ዋት የጠረጴዛ መብራት ለሥራ የሚበቃውም ለዚህ ነው። በአውሮፓ መለኪያ ለቢሮ የጽሕፈት ሥራ የሚመከረው ጠረጴዛው ላይ 500 ሉክስ ነው፤ ሉክስ ማለት አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው። ሉክስ የሚለካ አፕ ስልክ ላይ ይጫናል፤ የሚሰጠው ቁጥር ግምት ቢሆንም ለማወዳደር ያገለግላል። በቀኝ እጃችሁ የምትጽፉ ከሆነ መብራቱን በግራ አድርጉት።

የት ይገዛ? እኔ አምፖልን ከሰፈር ሱቅ፣ የጠረጴዛ መብራትን ከመርካቶ ነው የምለው። የሰፈር ሱቅ ትንሽ ይወደዳል። ግን አምፖሉ በሳምንቱ ቢቃጠል ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፤ ባለሱቁም ያውቃችኋል። ዋስትና አለው ካላችሁ የተገዛበትን ቀን አምፖሉ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፍላችሁ። ችግሩ ምርጫ የለም፤ ብዙው ያ ሰማያዊ የሚመስለው ነጭ ነው። መርካቶ ምርጫውም አለ፣ ዋጋም ይቀንሳሉ፣ ግን ሰክታችሁ አብርታችሁ ሳታዩ አትክፈሉ። አንገቱ የሚታጠፍ፣ እግሩ ከበድ ያለ፣ አምፖሉ የሚቀየር ይሁን። አምፖሉ አብሮ የተገጠመበት ሲበላሽ ሙሉ ዕቃው ይጣላል። አባጁር ግን ለመኝታ ቤት ነው፤ ለሥራ አይሆንም። ቴሌግራም ላይ የሚሸጡት ፎቷቸው ያምራል፤ ከከተማ ዳር ለሆነ ሰው ግን የማድረሻው ሒሳብ ሲጨመር ቅናሹ ይጠፋል። ከዚያ ለመግዛት ካሰባችሁ የካርቶኑን ጽሑፍ ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ።

ካርቶኑ ላይ ምን ይነበባል? መጀመሪያ ሉመን፣ ማለትም አምፖሉ የሚሰጠው የብርሃን መጠን። 9 ዋት ኤልኢዲ 800 ሉመን ገደማ ይሰጣል፤ የድሮውን ባለ 60 ዋት አምፖል ይተካል ማለት ነው። በ9 ዋት 2000 ሉመን የሚል ተራ አምፖል ካያችሁ ካርቶኑ እየዋሸ ነው። ቀጥሎ ቀለሙ። 3000 ኬልቪን ባለሱቆች ቢጫ የሚሉት ነው፣ 6500 ነጩ። ለሥራ ጠረጴዛ በመሃል ያለው 4000 ይሻላል፤ ፈልጉት፣ አለ። የባሕር ማዶ ደንበኛ ኖሯችሁ እስከ እኩለ ሌሊት የምትሠሩ ግን ማታ ማታ ቢጫውን አብሩ፤ ሰማያዊ የሚበዛበት ብርሃን እንቅልፍ ያዘገያል። ግራፊክስ ወይም ልብስ ስፌት የምትሠሩ CRI (አምፖሉ የዕቃን ቀለም ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካው ቁጥር) ከ90 በላይ የሆነ ጠይቁ፤ ተራው 80 ነው።

ሦስተኛው ለእኛ ሰፈር ዋነኛው ነው፦ ቮልቴጅ። ማታ ጎረቤት ሁሉ ምጣድ ሲሰካ፣ አንዱ ምጣድ ብቻ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይጎትታል፣ መስመሩ ይዳከማል። ከ220 እስከ 240 የሚል አምፖል ያኔ ብልጭ ድርግም ይላል። ከ85 እስከ 265 የሚል ካገኛችሁ ውሰዱ። የታወቀ ስም ብቻ አይታችሁ አትመኑ። የፊሊፕስ አምፖል ሠሪ ድርጅት ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲግኒፋይ ነው የሚባለው፤ ካርቶኑ ላይ ያንን ስም ፈልጉ፣ ባይኖር ተጠራጠሩ። አንድ ነጻ ፈተናም አለ። የስልክ ካሜራችሁን ወደ በራው አምፖል አዙሩ። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ከተመላለሱ አምፖሉ ዓይን በማያየው ፍጥነት እየተርገበገበ ነው፤ ለረጅም ሥራ አትግዙት።

የቀን ብርሃኑ ነጻ ስለሆነ ችላ ይባላል። ጠረጴዛውን ለመስኮቱ ጎኑን ስጡት፤ መስኮት ከፊት ዓይን ይወጋል፣ ከኋላ ስክሪን ያበላሻል። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግድም የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። ግን ከአናት ላይ ናት፣ ክረምቱም ደመና ነው፤ ስለዚህ የሰሜን መስኮት ዓመቱን ሙሉ ምቹ ነው። የደቡቡ በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ጠረጴዛ ድረስ ያስገባል፣ ስስ መጋረጃ ይፈልጋል። የምዕራቡ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ አያሠራም።

መብራት ሲሄድስ? ባለ ባትሪ አምፖል ለሳሎን ጥሩ ነው፤ በባትሪ ሲሠራ ግን ስለሚደበዝዝ ለሥራ አልመክረውም። የእኔ ምርጫ በዩኤስቢ የሚሠራ የጠረጴዛ መብራትና ፓወር ባንክ ነው። 10,000 ሚሊአምፒር አወር የሚል ፓወር ባንክ 37 ዋት አወር ገደማ ይይዛል፤ የሚባክነው ተቀንሶ ባለ 5 ዋት መብራት 5 ሰዓት አካባቢ ያስኬዳል። የፓወር ባንኩ ቁጥር እውነት ከሆነ ነው፤ በርካሹ ላይ የተጻፈውን በግማሽ አስቡት። ትንንሾቹ የሶላር ፋኖሶችም አሉ፤ በረንዳችሁ ፀሐይ ካላገኘ አትድከሙ።

ሪንግ ላይት፣ ማለትም ፊት የሚያበራውን ክብ መብራት፣ የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ። ለቪዲዮ ስብሰባ ካልሆነ አያስፈልግም። ለስብሰባም ቢሆን የጠረጴዛ መብራታችሁን ከስክሪኑ ኋላ ወዳለው ነጭ ግድግዳ ብታዞሩት ፊታችሁ ላይ ለስላሳ ብርሃን ይመለሳል።

ግድግዳ ላይ መብራት ማስተከል የምትፈልጉ፣ ጎረቤት ቤት የሠራ ኤሌክትሪሺያን ፈልጉና ሥራውን ሄዳችሁ እዩ። ግድግዳ ከማስፈልፈል ገመዱን ላዩ ላይ በፕላስቲክ መሸፈኛ ማሳለፍ ይቀላል፤ ለተከራይ ደግሞ ከአከራይ ጋር አያጣላም። ከመጀመሩ በፊት የተነገራችሁ ሒሳብ የእጅ ዋጋ ብቻ ይሁን ዕቃም ይጨምር ለይታችሁ ጠይቁ። ዕቃውን ራሳችሁ ብትገዙ ይሻላል፤ ገመዱ ስንት ሜትር እንደሚፈልግ ግን እሱ ይለካላችሁ።