ለጋራ መለማመጃ የትኛውን ካሜራ እንግዛ? የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለፎቶ ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ የምናቀርበውን የካሜራ ግዢ ሐሳብ እዚሁ ተወያይተን እንጨርሰው። የመጀመሪያው ረቂቄ ይኸው፦ «ማኅበሩ አባላት እየተዋሱ የሚለማመዱበት አንድ መካከለኛ ደረጃ ያለው ዲኤስኤልአር፣ ኒኮን ዲ7500፣ ከኪት ሌንሱ ጋር ይግዛ።»

ዲኤስኤልአር በውስጡ ባለ መስታወት አማካይነት በሌንሱ በኩል የሚያሳይ ካሜራ ነው፣ ኪት ሌንስ ደግሞ ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው ሌንስ። ዲ7500 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) ግን ከእሱ ከፍ ያለው ዲ500 የያዘው ባለ 20.9 ሜጋፒክስል ሴንሰር ነው፣ ሮው ፋይሉ (ካሜራው ሳያቀነባብረው የሚያስቀምጠው ጥሬ ምስል) ላይ ጥቁር የመሰለውን ጥላ ከፍ ስታደርጉት ዝርዝሩ ሳይበላሽ ይወጣል። በሰከንድ 8 ፎቶ ያነሳል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ግን ይሄ አይደለም። ሁለት መዘውር አለው፣ አንዱ በአውራ ጣት ሌላው በጠቋሚ ጣት የሚዞር። ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) በአንዱ፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) በሌላው ትቀይራላችሁ፣ ዓይናችሁን ከቪውፋይንደሩ (ከማያው ቀዳዳ) ሳታነሱ። ለጀማሪ በተሠሩት ካሜራዎች ላይ አንድ መዘውር ብቻ ስለሚኖር አንዱን ለመቀየር ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ግድ ነው፣ እና ተለማማጁ ኤክስፖዠርን (የሚገባውን የብርሃን መጠን) በእጁ ሳይለምደው ይቀራል። ቪውፋይንደሩም የመስታወት ፕሪዝም ነው፣ የፍሬሙን 100 በመቶ ያሳያል። በርካሾቹ ላይ 95 በመቶ ገደማ ነው የምታዩት፣ ከዚያ ቤት ስትገቡ ጠርዙ ላይ ያላያችሁት እንጨት ወይ እጅ ብቅ ይላል።

የዝግጅት ፎቶ አንሺ፦
በመዘውሩ እስማማለሁ። ግን አንድ ነገር ሳይነሳ ማለፍ የለበትም። ዲ7500 ያለው የካርድ ቦታ አንድ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ታላቅ ወንድሙ ዲ7200 ሁለት ነበረው! ይሄ ወደ ኋላ መመለስ ነው፣ ምንም ማስተባበያ የለውም። ካርድ ተበላሸ ማለት የዚያ ቀን ፎቶ በሙሉ ሄደ ማለት ነው፣ እና በጋራ የሚሠራበት ካሜራ ላይ ካርዱ ከእጅ እጅ ሲዞር ይውላል። ያገለገለ ዲ7200 ለምን አናስብም? 24.2 ሜጋፒክስል ነው፣ በሰከንድ 6 ያነሳል፣ ለልምምድ ከበቂ በላይ ነው። በዲ7500 ከጸናን ግን ረቂቁ ላይ ይጻፍልኝ፦ ካሜራው ለማይደገም ዝግጅት ብቻውን አይወጣም።

የቪዲዮ ክፍል፦
የእኛን ነገር ሁላችሁም ረሳችሁት። ዲ7500 ላይ በስክሪን እያያችሁ ስትቀርጹ ፎከሱ ወዲያ ወዲህ እያለ ነው የሚይዘው፣ ሰው ወደ ካሜራው ሲራመድማ ተዉት። 4ኬ (ከፍተኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ) ሲሆን ደግሞ ፍሬሙን በ1.5 እጥፍ ይቆርጠዋል፣ 18 ሚሊሜትር ሌንስ እንደ 27 ይሆንባችኋል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፋችሁም አይበቃችሁም። የማይክና የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ስላለው አመሰግነዋለሁ፣ ግን ያ አይበቃም። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ ካኖን 80ዲ በስክሪን ሲቀርጽ ፎከሱ ረጋ ብሎ ሰውን ይከተላል፣ ስክሪኑም ወደ ጎን ተከፍቶ ይዞራል። 4ኬ የለውም፣ እውነት ነው። የ2019ኙ 90ዲ ግን አለው፣ ያውም ሳይቆርጥ፣ በዚያ ላይ 32.5 ሜጋፒክስል ነው።

አስተባባሪ፦
ያልሽው ሁሉ ልክ ነው እህቴ። ጥያቄው ካሜራው ለምን ሥራ ነው የሚለው ነው። ባለፈው የተስማማነው ለቆመ ፎቶ ልምምድ ነው፣ እና አንድ ዕቃ ሁለቱንም እንዲያሟላ ስንፈልግ ሁለቱም ላይ ግማሽ እንዳይሆንብን እፈራለሁ። የቪዲዮው ለብቻው ሐሳብ ሆኖ ይቅረብ፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ሜጋፒክስሉን ግን እንተወው፣ በ20.9 እና በ24.2 መካከል ያለውን ልዩነት ትልቅ አድርጎ ለሚያትም ሰው እንኳ ማየት ይከብደዋል።

አንጋፋ አባል፦
ልጆች፣ የሌንሱን ነገር ሳታዩ አትለፉ። ኒኮን ኤፍ ማውንትን (ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚገጠምበትን ቀለበት) የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፣ ስለዚህ በየቤታችን የቆየ ሌንስ አለ። ዲ7500 በውስጡ የፎከስ ሞተር ስላለው ኤኤፍ-ዲ የሚባሉትን፣ የራሳቸው ሞተር የሌላቸውን የቆዩ ሌንሶች በራሱ ፎከስ ያደርጋቸዋል። በእጅ ፎከስ የሚደረጉት የኤአይ ሌንሶች ላይ ግን የብርሃን መለኪያው አይሠራም። ይገጠማሉ፣ ያነሳሉ፣ መለኪያ ግን የለም፣ በግምት ነው የምትሠሩት። ዲ7200 ይለካላቸው ነበር። እነዚህን ሌንሶች ለማኅበሩ ለመስጠት ያሰባችሁ ካላችሁ ይሄን አውቃችሁ ስጡ።

አዲስ አባል፦
ይቅርታ፣ ምናልባት የጀማሪ ጥያቄ ይሆናል። አሁን ሁሉም ወደ ሚረርለስ (መስታወት የሌለው ካሜራ) እየሄደ አይደል? ለምን ወደ ኋላ እንመለሳለን?

አንጋፋ አባል፦
ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ። ኒኮንም ካኖንም እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ የሚረርለስ ማውንት ካወጡ ወዲህ ትኩረታቸው እዚያ ነው፣ ለዲኤስኤልአር ብዙ አዲስ ነገር አትጠብቁ። በዲኤስኤልአር ቪውፋይንደር ግን ብርሃኑን ራሱን ነው የምታየው፣ ባትሪም አይበላም። ዲ7500 በአንድ ቻርጅ 950 ፎቶ ያነሳል ተብሎ በመስፈርት ተለክቷል። ኤክስፖዠሩ ምን እንደሚመስል ቀድሞ ስለማያሳይህም ብርሃን ማንበብ ትማራለህ፣ ለመለማመጃ ይሄ ትልቅ ጥቅም ነው። ሌንሱን ደግሞ በብልሃት ከገዛነው አይባክንም። ኤኤፍ-ኤስ የሚባሉት ሞተራቸው በራሳቸው ውስጥ ስለሆነ ነገ ዜድ ወደሚባለው የኒኮን ሚረርለስ ብንሻገር በአዳፕተር (በማገናኛ ቀለበት) ፎከሳቸው ይሠራል። የኤኤፍ-ዲዎቹ ግን በአዳፕተሩ ላይ በእጅ ብቻ ነው።

የዝግጅት ፎቶ አንሺ፦
ጋሼ ይሄ ሐሳቡን ቀየረው። እንግዲያው ኪት ሌንሱ ይቅር! ገንዘቡ ሌንስ ላይ ይዋል፣ ለምሳሌ 35 ሚሊሜትር ኤፍ/1.8 ኤኤፍ-ኤስ። አፐርቸሩ በሰፊው ስለሚከፈት አነስተኛ ብርሃን ውስጥ ከኪት ሌንሱ ጋር አይወዳደርም፣ ዙም ስለሌለውም ተለማማጁ በእግሩ እየተጠጋ ፍሬም መሥራት ይማራል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ዲኤስኤልአር ላይ ፎከስ የሚለካው ክፍል ከሴንሰሩ የተለየ ስለሆነ አንዳንድ ሌንስ ትንሽ ከፊት ወይ ከኋላ ይይዛል። ዲ7500 ላይ ማስተካከያ አለ። ዕቃው እንደመጣ በሰፊው አፐርቸር አንስተን እንፈትሸው፣ ሦስት ወር አልፎ «ሌንሱ ብዥ ይላል» የሚል ቅሬታ እንዳይመጣ።

አስተባባሪ፦
እሺ፣ ሁለተኛው ረቂቅ፦ «ማኅበሩ ለቆመ ፎቶ ልምምድ የኒኮን ዲ7500 ቦዲ፣ ያለ ኪት ሌንሱ፣ ከ35 ሚሊሜትር ኤፍ/1.8 ኤኤፍ-ኤስ ሌንስ ጋር ይግዛ። ካሜራው ለማይደገም ዝግጅት ብቻውን አይወጣም። ተዋሹ ሲመልስ ፎቶዎቹን ገልብጦ ካርዱን ባዶ አድርጎ ያስረክባል። ዕቃውን በተረከብን በመጀመሪያው ሳምንት የፎከስ ፍተሻ ይደረጋል። የቪዲዮ ካሜራ በተለየ ሐሳብ ይቀርባል።» ያገለገለ ዲ7200 እንደ ሁለተኛ ምርጫ ከሥሩ ይገባል፣ የካርዱና የቆዩት ሌንሶች ነገር ለሚያሳስባቸው። ተቃውሞ ያለው እስከ ዓርብ ማታ ይጻፍ።

የቪዲዮ ክፍል፦
የእኛን ሐሳብ እኔ አዘጋጃለሁ፣ 80ዲን እና 90ዲን አወዳድሬ። እዚህኛው ላይ ግን ትርፍ ባትሪ ይጨመር። 950 ፎቶ ብዙ ነው፣ ቻርጅ ሳያደርግ የሚመልስ ሰው ግን አይጠፋም።

አስተባባሪ፦
ተጨምሯል።